የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፤ የሰውስ ወጥ እያረረ ከሆነ?

ባለፈው የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ነበርኩ። አበባው ተቀምጦ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ጎፈራቸውን እንደደፉ መበታተን ሲጀምሩ፣ ከሐውልቱ ብዙም ሳልርቅ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። እንደ እኔ ቋሚ ደሞዝ ለሌለው ጋዜጠኛ ሻይ ቤት ቢሮም ነው፣ የወሬ ምንጭም ነው። አጠገቤ ካኪ ኮታቸው ላይ የአባታቸውን ሜዳይ የደረደሩ አንድ አዛውንትና የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል አንድ ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ከእጅ ስልኩ ላይ አንድ መግለጫ ጮክ ብሎ ያነባል። ፈረንጆች ስለ አገራችን የሰብዓዊ መብት ሁኔታ ያወጡት ነው።

አዛውንቱ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱት። "እነማን ናቸው ይህን የሚሉት? እዚያ ሐውልት ላይ የተቀረጸውን አይተው ያውቃሉ? ትናንት ያረዱን ሰዎች ዛሬ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሊያስተምሩን? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!"

ወጣቱ ትንሽ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በትህትና፣ "እሱስ ልክ ነዎት አባባ። ግን ያሉት ነገር ውሸት ነው?" አላቸው።

አዛውንቱ አልመለሱም። ሻያቸውን ጠጡ፣ ሒሳብ ከፈሉ፣ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ግን ሁለቱም ጥያቄዎች ቤቴ ድረስ ተከትለውኝ ገቡ። ትናንቱ በደም የተጨማለቀ አገር ዛሬ ሌላውን "አጠፋህ" ለማለት ምን የሞራል ሥልጣን አለው? ይህ የአዛውንቱ ጥያቄ ነው። ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ የተናገረው እውነት ከሆነስ? ይህ ደግሞ የወጣቱ ነው። የእኛ ፖለቲካ አንደኛውን ይዞ ሁለተኛውን ከረሳ ቆየ።

ንጹሕ ዳኛ ከየት ይምጣ?

እስቲ በቅን ልቦና እንቁጠር። እንግሊዝ በ1833 እ.ኤ.አ. በግዛቶቿ ባርነትን በሕግ ስታስቀር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለች፤ የከፈለችው ግን ለባሪያዎቹ ሳይሆን "ንብረታችን ተወሰደ" ላሉት ጌቶች ነው። ቤልጅግ ኮንጎ ውስጥ በጎማ ምክንያት የስንቱን እጅ እንዳስቆረጠች ዓለም ያውቀዋል። አሜሪካ "ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል" ብለው የፈረሙላት ሰዎች ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። ሩሲያም የግዞት ካምፖቿ አሉባት። እኛ አፍሪካውያንስ ብንሆን? ወንድሞቻቸውን እያሳደዱ ለነጋዴ የሸጡ ነገሥታት ከየት መጡና!

ታዲያ ደንባችን "እጁ ንጹሕ የሆነ ብቻ ይናገር" ከሆነ፣ ምድር ላይ አፉን የሚከፍት አገር አይገኝም። ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታው የሚጠቅመው ደግሞ ማንን ነው? ልብ በሉ! ትናንት ቢላዋ የያዘውንማ ታሪክ ይዞታል። ዝምታው የሚጠቅመው አሁን ቢላዋ የያዘውን ነው።

እውነት በሌባ እጅ

የአዛውንቱን ቁጣ ግን እንዲሁ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ምክንያት አላቸው። ይህች አገር እውነተኛ ክስ በሌባ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን በሥጋዋ አይታዋለች።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስትጠይቅ ከተነሱባት መከራከሪያዎች ዋነኛው "አገሪቱ ውስጥ ባርነት አለ" የሚል ነበር። ውሸት ነበር እንዴ? አልነበረም! ራስ ተፈሪ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብተው አገሪቱ በ1916 ዓ.ም. አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይም አዋጅ ወጣ። አዋጅ ሌላ ኑሮ ሌላ ሆነና ንግዱም ባርነቱም በአንድ ጀንበር አልቆመም።

አሥራ ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። በ1927 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሙሶሎኒ መንግሥት ጄኔቫ ላይ ዳጎስ ያለ ሰነድ ይዞ ቀረበ። ኢትዮጵያ ባሪያ ፈንጋይ ናት፣ አረመኔ ናት፣ ከሠለጠኑ መንግሥታት እኩል ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነው። አንድ ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ጄኔራል ደ ቦኖም በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትግራይ ላይ "ባርነት ቀርቷል" ብሎ አስነገረ። ነጻ አውጪ መጣልሃ ያገሬ ሰው!

ነጻ አውጪው ያመጣውን እናውቀዋለን። ራሱ ጣልያን በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ "አልጠቀምበትም" ብሎ የፈረመበትን የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን አዘነበው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአካፋና በዶማ፣ በጥይትና በእሳት ሕዝብ ተፈጀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ሲል፣ ብዙ ዓመት የመረመረው ኢያን ካምቤል 19 ሺህ ገደማ ያደርሰዋል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደብረ ሊባኖስ የተረሸኑት መነኮሳትና ዲያቆናት ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላካቸው ቴሌግራሞች እንኳ ከ400 በላይ ናቸው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ጥናቶች ያሳያሉ። ባርነትን ሊያስቀር መጣሁ ያለው መንግሥት በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጣልያናዊ ከሀበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ።

እንግዲህ ሌባ እውነት ሲናገር እንዲህ ነው። የምትሸጠው ባሪያ ስላለች አዝኖ አልነበረም የመጣው፤ መሬቱን ፈልጎ ነው። አዛውንቱ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛ ላይ የሚመቱት ይህ ከአባታቸው የወረሱት ትምህርት ስለሆነ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽታ ደግሞ እንየው። ጄኔቫ ላይ ዳኛ ሆነው የተቀመጡት እነማን ነበሩ? የአፍሪካን አብዛኛውን ክፍል ቅኝ ይዘው የነበሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ! የሙሶሎኒ መልስ ምን ነበር? "እናንተስ?" ነዋ! እናንተ በልታችሁ ስትጠግቡ እኔ ፍርፋሪው ይከለከለኝ? ነው ያለው። ዳኞቹም ሆዳቸው ያውቀዋልና አፈሩ። ማዕቀብ ጣሉ ተባለ፤ ነዳጅን ግን አልጨመሩበትም፤ የስዊዝን ቦይም አልዘጉም። "እናንተስ?" የምትለዋ ቃል ሠራች ማለት ነው። የሠራችው ግን በማን ላይ ነው? በእኛ ላይ!

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ የጣልያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው። ያን ቀን የእሳቸው አገር ከኃጢአት ንጹሕ ነበረች? አልነበረችም። የተናገሩት ግን እውነት ነበር። ፉጨቱን ትክክል ነበር የሚል አንድ ኢትዮጵያዊ ካለ ይውጣና ይንገረን። እንግዲህ ለራሳችን የፈቀድነውን ለሌላውም መፍቀድ ግድ ሊለን ነው።

የፈረሱ ስም

እዚህ ላይ የቤቴን ጉድ ላውጣ። የሌላውን ገመና ስዘረዝር ውዬ የራሴን ብሸፍን ነውር ነው።

የአያቴ አባት ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ። አምስቱን ዓመት በረሃ ከርመዋል። በቤታችን የእሳቸው ታሪክ እንደ ዳዊት ይደገማል። የፈረሳቸውን ስም እናውቃለን። ምንሽራቸውን ከማን እንደማረኩት እናውቃለን። ጣልያን ስንት ጎተራ እንዳቃጠለባቸው በቁጥር እናውቃለን። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ስታወራ ዓይኗ ያበራ ነበር።

በወሬዋ መሃል ደግሞ አንዲት ሴት ብቅ ትል ነበር። በሶና ጭብጦ ተሸክማ፣ ሌሊት ሌሊት፣ የባንዳውን ጥበቃ አልፋ በረሃ ድረስ ስንቅ የምታደርስ። አያቴ "የቤት ልጅ" ትላት ነበር። ልጅ ሳለሁ ዘመዳችን ትመስለኝ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ትንሽ ማንበብ ስጀምር አንድ ቀን ጠየቅኋት። "የቤት ልጅ ማለት የማን ልጅ ናት?"

"የማንም አይደለች። የተገዛች ናት" አለችኝ፣ ቡናዋን እየቀዳች። እንዲህ በቀላሉ።

"ስሟስ ማን ነበር?"

አሰበች፣ አሰበችና "እንጃ ልጄ፣ ረሳሁት" አለች።

የፈረሱን ስም ያልረሳች አያቴ የሴትዮዋን ስም ረሳች። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ጨርሶ የከለከለው ሕግ ከወጣ በኋላ ያቺ ሴት የት እንደገባች በቤተሰባችን የሚያውቅ የለም። የጠየቀም አልነበረም።

ብዙ ዓመት ይህ ነገር ሆዴን በላው። የአያቴ አባት ጣልያንን መዋጋታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? ነበር! ሺህ ጊዜ ነበር! ያቺ ሴት ደግሞ እሳቸውን በእግዚአብሔር ፊት ብትከሳቸው እውነት አላት ወይስ የላትም? አላት! አንዱ እውነት ሌላውን አይሰርዘውም። የጣልያን መርዝ የእኛን ቤት ባርነት አላጸዳም፤ የእኛ ቤት ባርነትም የጣልያንን መርዝ አልባረከም። ያቺ ሴት እኮ ከሁለቱም ያገኘችው ነገር የለም። ጌታዋ ለነጻነት ሲዋጋ ስንቁን ተሸከመች፤ "ነጻ አውጪሽ ነኝ" ያለውም ቢይዛት ኖሮ የሚሰቅላት በስንቋ ምክንያት ነበር።

ሳንጸዳ የከሰስንበት ቀን

"ታዲያ ያልጸዳ አገር ሌላውን ሲከስ ምን ፋይዳ አለው?" የሚል ካለ፣ ብዙ ሰው የረሳውን አንድ ታሪክ ላስታውስ። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የክሱ ፍሬ ነገር ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተሰጣትን የዛሬዋን ናሚቢያ በአፓርታይድ ታስጨንቃለች የሚል ነው።

ከሳሾቹን እንይ። ላይቤሪያ በ1930 እ.ኤ.አ. ዜጎቿን ለግዳጅ ሥራ ወደ ውጭ ስትልክ ተደርሶባት ፕሬዚዳንቷ በዚሁ ጣጣ ሥልጣን የለቀቀባት አገር ናት። የእኛዋ ኢትዮጵያ ደግሞ ጭሰኛው ከምርቱ እየከፈለ ለባለመሬት የሚገብርባት፣ የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም የማይታሰብባት ነበረች። ክሱ በገባ በሁለት ወር ውስጥ የክብር ዘበኛ በገዛ ንጉሡ ላይ ተነሳ! ፕሪቶሪያዎች "ሂዱ መጀመሪያ ቤታችሁን ጥረጉ" ቢሉን መልሱ ይጠፋን ነበር።

ሆኖም ከሰስን። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ እኩል ለእኩል፣ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ድምፅ "ጉዳዩ እናንተን በቀጥታ አይመለከታችሁም" ተብለን ተሸነፍን። ነገሩ ግን አልሞተም። የተባበሩት መንግሥታት ይዞት ቀጠለ፤ በ1963 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን ይዛ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ናሚቢያ ነጻ ወጣች። እስክንጸዳ ድረስ ጠብቀን ቢሆን ኖሮ፣ ያ መዝገብ እስከ ዛሬም ባልተከፈተ ነበር።

ሥልጣኑ በምን ይገኛል?

ስለዚህ መናገር የሁሉም መብት ነው። መደመጥና መከበር ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ የሞራል ሥልጣን የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ እሱ ደግሞ በንጹሕ ታሪክ አይገኝም፣ ንጹሕ ታሪክ የለምና። የሚገኘው የራስን መዝገብ ቀድሞ በመክፈት፣ የወሰዱትን በመመለስ ነው። እንዲያም ሆኖ ዘላለማዊ አይደለም።

የጀርመኑ መሪ ቪሊ ብራንት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ዋርሶ ላይ፣ አይሁድ ባመፁበት ሠፈር ሐውልት ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ። ብራንት ራሱ የናዚ ተቃዋሚ ነበር፤ የተንበረከከው ስላላጠፋው ጥፋት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጀርመን ስለ ሰው ልጅ ክብር ስትናገር ዓለም ጆሮ ሰጣት። ነገር ግን ያቺው ጀርመን ከ1904 እስከ 1908 እ.ኤ.አ. ናሚቢያ ውስጥ ሄሬሮና ናማ የተባሉትን ሕዝቦች መፍጀቷን "የዘር ማጥፋት ነው" ብላ ያመነችው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀባት! በ30 ዓመት ውስጥ የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ቃል ገባች፤ ስሙን ግን ካሣ አላለችውም። የሟቾቹ ዘሮች ከእኛ ጋር ሳትነጋገሩ የምን ስምምነት ነው ብለው ተቃወሙ። ለነጩ ሟች በጉልበት፣ ለጥቁሩ ሟች በእርዳታ ስም!

እንግሊዝ በማው ማው ጊዜ ኬንያውያንን በካምፕ አጉራ ማሠቃየቷን አምና ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለችው በግንቦት 2005 ዓ.ም. ነው። እሱም ሽማግሌዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ስለከሰሷት እንጂ ኅሊናዋ ቀስቅሷት አይደለም። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታቶቻችን ደግሞ እስከ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ተቆልፎባቸዋል።

ጣልያንስ? የመርዝ ጋዙን መጠቀሙን የመከላከያ ሚኒስትሩ በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ። የአክሱምን ሐውልት በ1939 ዓ.ም. በሰላም ውል "በ18 ወር እመልሳለሁ" ብሎ ፈርሞ የመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ግራዚያኒን ለፍርድ አቅርቦ 19 ዓመት ፈርዶበት ነበር፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ ደም አይደለም፤ እሱም በወራት ውስጥ ተፈታ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። ጉድ እኮ ነው! ይህ አገር ስለ ሰብዓዊ መብት ሊያስተምረኝ ሲመጣ "መጀመሪያ አፊሌን" ብለው አዛውንቱ እውነት አላቸው። እኔም እለዋለሁ።

"ያኔ የት ነበርክ?"

ነገር ግን "መጀመሪያ አፊሌን" ብዬ ስጨርስ፣ የወጣቱ ጥያቄ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

እኛ አገር ይህች ጨዋታ ከፈረንጅ ጋር ብቻ አይደለም የምትሠራው። ቤት ውስጥም ስም አላት፤ "ያኔ የት ነበርክ?" ትባላለች። የደርግ ግፍ ሲነሳ የንጉሡ ይነሳል። የኢሕአዴግ ሲነሳ የደርግ ይነሳል። የዛሬው ሲነሳ የኢሕአዴግ ይነሳል። የትግራይ ሟች ሲጠራ የአማራው ሟች ይጠራበታል፤ የኦሮሞው ሲጠራ የሌላው። ሟቾቹ እርስ በርሳቸው ተጣልተው የማያውቁ ሲሆኑ እኛ አንዱን በአንዱ እንገድላለን። ገዢው ይህን ያደርጋል፤ ተቃዋሚ ነን የምንለውም እናደርጋለን። እኔም በብዕሬ አድርጌዋለሁ፤ አልክድም።

ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። የቀይ ሽብር ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው። የራሱን የቀድሞ መሪ በገዛ ፍርድ ቤቱ የዳኘ አገር በአፍሪካ ብዙ አይደለም። ግን ችሎቱ የዳኘው የተሸነፈውን ብቻ ነበር። አሸናፊውን የሚዳኝ ችሎት ገና አልተሠራም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነትስ? የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን ሲያቋቁም የእኛ መንግሥት "አላውቀውም" አለ። ምክንያቱም ከአዛውንቱ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ምዕራባውያን በእኛ ላይ ምን ሥልጣን አላቸው የሚል ነው። ቡድኑም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጊዜው ሳይራዘምለት ቀረ። ጥሩ፣ እነሱ ይቅሩ። እኛ በራሳችን መርምረን ጨረስን እንዴ? በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። ወረቀቱን አነበብኩት፤ መጥፎ ወረቀት አይደለም። አዋጅ ሌላ ኑሮ ሌላ እንዳይሆን ግን እሰጋለሁ። በ1916ቱም ዓ.ም. ጥሩ ወረቀት ነበረን።

እንግዲህ ለአዛውንቱ ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ልላቸው የፈለግሁትና ያልደፈርኩት ይህ ነው። አዎ አባባ፣ የእሷ አሮባታል። ምድጃዋ ላይ ያረረው የእኛው ሥጋ ነው፤ ሳትጠይቁን ቤታችን አትግቡ የማለት መብት አለን። ግን ወጡ እያረረ ከሆነ፣ የነገረችን ማንም ትሁን ማን፣ መጀመሪያ ድስቱን እናውርድ። "አንቺ ማን ነሽ?" እያልን በር ላይ ስንሟገት ውስጥ የሚራበው ፈረንጁ አይደለም። የእኛው ልጅ ነው።

እኔ በበኩሌ ከራሴ ቤት ጀምሬአለሁ። በሚቀጥለው የአርበኞች ቀን ዘመዶቼ ተሰብስበው የቅድመ አያቴን ታሪክ ሲደግሙ፣ ስንቁን ማን ተሸከመ ብዬ እጠይቃለሁ። የሚቆጡ ይኖራሉ። "ያኔ የት ነበርክ?" የሚለኝም አይጠፋም። ምናልባት ግን ከአሮጊቶቹ አንዷ ስሟን ታስታውስ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን!